የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ የድሮ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታዎችና የፈቃድ ውል

ታሪክ የሚጻፈው ከዘመን ዘመን ተርፈው ከቆዩ ማስረጃዎች ነው። መጽሐፍ፣ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ ፊልምና የሸክላ ዘፈን የተሠሩበትን ዘመን መልክ ለተከታዩ ትውልድ ያቆያሉ። ከ20ኛው መቶ ዓመት የመጨረሻ ሩብ ወዲህ ደግሞ የቪዲዮ ጨዋታ ከእነዚህ ማስረጃዎች ጋር ተቆጥሯል። ጨዋታ ስለሆነ ብቻ ከቁም ነገር የማያገባው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት የጃፓን፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ወጣቶች ምን ዓይነት መኪና ይመኙ እንደ ነበር፣ ምን ሙዚቃ ያዳምጡ እንደ ነበር፣ በየመንገዱ ዳር ምን ማስታወቂያ ይሰቀል እንደ ነበር ለማወቅ የሚሻ ተመራማሪ ከመኪና እሽቅድምድም ጨዋታዎች ብዙ ቁም ነገር ያገኛል።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ጨዋታዎች ብዙዎቹ ዛሬ በመደብር አይገኙም፤ የሚገኙትም አንዳንዶቹ መልካቸው ተለውጦ ነው። ይህ የሆነው ፈላጊ ስላጡ አይደለም። ከዋነኞቹ መሰናክሎች አንዱ የፈቃድ ውል ነው። በዚህ ጽሑፍ የችግሩን አመጣጥና ለታሪክ ትምህርት ያለውን ቁም ነገር እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ፈቃድ ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ የመኪና ፋብሪካ የመኪናውን ስምና ዓርማ፣ አንዳንድ ጊዜም የታወቀ ቅርጹን በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦ ይይዛል። ሌላ ወገን በዚህ ምልክት ለንግድ ሊጠቀም ሲፈልግ ከባለቤቱ ጋር ይዋዋላል። ውሉ ብዙውን ጊዜ አራት ነገሮችን ይወስናል፤ ይኸውም ምን እንደ ተፈቀደ፣ በምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚሸጥ፣ በየትኞቹ አገሮች እንደሚሸጥና ለስንት ዓመት እንደሚጸና ነው። ዘፈን ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ለሁለት ይከፈላል። ግጥምና ዜማውን የደረሰው ወገን አንድ መብት አለው፤ የተቀዳውን ድምፅ የያዘው አሳታሚ ሌላ መብት አለው። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ካልፈቀደ ያ ቅጂ በጨዋታው ውስጥ ሊሰማ አይችልም።

ነገሩ ቤት እንደ መከራየት ነው። ተከራዩ ቤቱን ምንም ያህል ቢያሳምረው የኪራዩ ዘመን ሲያልቅ ወይ ውሉን ያድሳል፣ ወይ ቤቱን ይለቃል።

2. ሳይጠየቅ ይሠራ የነበረበት ዘመን

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥንቃቄው የዛሬውን ያህል አልነበረም። የጃፓኑ ናምኮ ኩባንያ በ1982 ያወጣው ፖል ፖዚሽን የተባለው ጨዋታ በፉጂ የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ የሚካሄድ ሲሆን፣ በሜዳው ዳርና ዳር የእውነተኛ ኩባንያዎች ማስታወቂያ ይታይበት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው ግን የሴጋ ኩባንያ ሥራ የሆነው አውት ራን ነው። ይህ ጨዋታ በ1986 ለጨዋታ አዳራሾች የወጣ፣ ሳንቲም እየተጨመረ የሚሠራ መሣሪያ ነበር። ሠሪው ዩ ሱዙኪ ለዝግጅቱ ሲል በአውሮፓ መንገዶች በመኪና ተዘዋውሯል። ተጫዋቹ የሚነዳው ቀይ፣ ክፍት መኪና የጣሊያኑን የፈራሪ ቴስታሮሳ ይመስላል፤ ሆኖም ከፈራሪ የተሰጠ ፈቃድ አልነበረም። መሣሪያዎቹ በየአዳራሹ ተተክለው ሳንቲም ሲሰበስቡ ነገሩ ችግር መስሎ አልታየም። ችግሩ የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሴጋ ይህንኑ ጨዋታ እንደገና ለመሸጥ በተነሣ ጊዜ ነው።

3. ውሉ እየጠበቀ መሄዱ

በዚያ መካከል የሕጉ አያያዝ እየጠበቀ ሄደ። በ1991 በአሜሪካ የስድስተኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የፈራሪን መኪኖች ቅርጽ በፋይበርግላስ አስመስሎ ይሸጥ የነበረ ሰው የኩባንያውን መብት ነክቷል ብሎ ወሰነ። ስሙና ዓርማው ብቻ ሳይሆን ቅርጹም የባለቤቱ መታወቂያ ሊሆን እንደሚችል በዚህ ፍርድ ታየ።

ጨዋታ ሠሪዎችም በበኩላቸው እውነተኛ መኪኖችን በይፋ ማስገባት ይፈልጉ ጀመር። በ1994 የወጣው ዘ ኒድ ፎር ስፒድ ከአንድ የአሜሪካ የመኪና መጽሔት ጋር ተባብሮ የተዘጋጀ ነው። በ1997 መጨረሻ በጃፓን ለሶኒ ፕሌይስቴሽን የወጣው፣ በካዙኖሪ ያማውቺ መሪነት የተሠራው ግራን ቱሪዝሞ ደግሞ 140 ያህል መኪኖችን ከነስማቸውና ከነመልካቸው ይዞ ቀረበ። ጨዋታው ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጦ በዚያ መሣሪያ ላይ ከወጡት ሁሉ በሽያጭ አንደኛ ሆነ።

የስሞቹ ዋጋ ሲታወቅ ኩባንያዎች ይሻሙባቸው ጀመር። ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የፖርሼን ስም በጨዋታ ውስጥ የመጠቀም ልዩ መብት ከ2000 እስከ 2016 ድረስ ይዞ ቆየ። በዚያ ዘመን ሌሎች ጨዋታ ሠሪዎች፣ እርሱ ካላካፈላቸው በስተቀር፣ ፖርሼን ማስገባት ስለማይችሉ በምትኩ ሩፍ የተባለውን፣ ፖርሼን መሠረት አድርጎ መኪና የሚሠራውን የጀርመን ፋብሪካ ስም ይጠቀሙ ነበር። ግራን ቱሪዝሞም ፖርሼን ያገኘው በ2017 ነው። ነገሩን የማያውቅ የወደፊት አንባቢ እነዚያን ጨዋታዎች ብቻ ቢመለከት በዘመኑ ፖርሼ የሚባል መኪና አልነበረም ሊል ነው።

4. ስማቸውና መልካቸው የተለወጠባቸው

ፈቃዱ ሲያልቅ አንዱ መፍትሔ የተዋሱትን ነገር አውጥቶ ጨዋታውን ያለዚያ መሸጥ ነው። ለዚህ ሦስት ምሳሌዎች እንመልከት።

ሀ) ሴጋ አውት ራንን በ2010ዎቹ ዓመታት ለኒንቴንዶ መሣሪያዎች እንደገና ሲያወጣ መኪናው ፈራሪን እንዳይመስል ቅርጹን ለውጦታል።

ለ) ሴጋ በ1990ዎቹ ያወጣው ዴይቶና ዩ.ኤስ.ኤ. ስሙን ያገኘው በፍሎሪዳ ከሚገኘው የእሽቅድምድም ሜዳ ነው። ጨዋታው በ2009 ለጨዋታ አዳራሾች ታድሶ ሲቀርብ የስሙ ፈቃድ ስላልነበረ «ሴጋ ሬሲንግ ክላሲክ» ተባለ። በ2011 ፈቃድ ተገኝቶ በቀድሞ ስሙ ተሸጠ። ተከታዩ ዴይቶና ዩ.ኤስ.ኤ. 2 በ2023 በሌላ ጨዋታ ውስጥ ተካቶ ሲወጣ ግን ዴይቶና የሚለው ስም እንደገና ቀርቶ ነበር።

ሐ) ክሬዚ ታክሲ እሽቅድምድም ባይሆንም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በ1999 ሲወጣ ተሳፋሪዎች ወደ ፒዛ ሃት፣ ወደ ኬንታኪ የዶሮ ጥብስ ቤት፣ ወደ ታወር ሬከርድስ የሙዚቃ መደብር አድርሰን ይሉ ነበር። የሚሰማውም የኦፍስፕሪንግና የባድ ሪሊጅን የሮክ ሙዚቃ ነው። በ2010 እንደገና ሲወጣ መደብሮቹም ዘፈኖቹም በሌላ ተተኩ። መንገዱ ያው ነው፤ ከተማው ግን የዚያ ዘመን ከተማ መሆኑ ቀረ።

5. ከመደብር የተነሡት

ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ጨዋታውን ጨርሶ ከሽያጭ ማንሣት ነው። በፈራሪ ፈቃድ በ2009 በኢንተርኔት ለሽያጭ የቀረበው አውት ራን ኦንላይን አርኬድ የፈቃዱ ጊዜ ሲያልፍ በ2010 ከሶኒ፣ በ2011 ከማይክሮሶፍት መደብር ወጥቷል። የማይክሮሶፍት የፎርዛ ሆራይዘን ጨዋታዎችም ዕድሜ እንደሚከተለው ነው።

የመጀመሪያው፦ በ2012 ወጣ፤ በ2016 ከሽያጭ ተነሣ።
ሁለተኛው፦ በ2014 ወጣ፤ በ2018 ተነሣ።
ሦስተኛው፦ በ2016 ወጣ፤ በ2020 ተነሣ።
አራተኛው፦ በ2018 ወጣ፤ በ2024 ተነሣ።

ቀድሞ የገዛ ሰው እነዚህን መጫወት ይችላል፤ አዲስ ገዢ ግን ከመደብሩ አያገኛቸውም። ከዚህ የከፋም አለ። የፈረንሳዩ ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣው ዘ ክሩ የሚሠራው ከኩባንያው ማእከላዊ ኮምፒዩተሮች ጋር ሲገናኝ ብቻ ነበር። ኩባንያው የአገልግሎቱን ሁኔታና የፈቃድ ውሎችን በምክንያትነት ጠቅሶ በመጋቢት 2024 አገልግሎቱን ሲዘጋ፣ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውም ሰው መጫወት አልቻለም።

6. ለምን አይታደስም?

«ታዲያ ውሉን ማደስ ነው እንጂ!» የሚል ይኖራል። ነገሩ ግን እንደዚህ ቀላል አይደለም።

አንደኛ፣ ባለመብቶቹ ብዙ ናቸው። ለአንድ ጨዋታ የመኪና ፋብሪካዎች፣ የእሽቅድምድም ሜዳዎች፣ የጎማና የዘይት አምራቾች፣ ደራስያንና የሙዚቃ አሳታሚዎች በየተራ መጠየቅ አለባቸው፤ አንዱ እምቢ ካለ ሥራው ይጓደላል። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ የድሮ ውሎች የተጻፉት በዲስክ ለሚሸጥ ዕቃ በመሆኑ በኢንተርኔት ስለ መሸጥ አይናገሩም። ሦስተኛ፣ ፈቃድ ሰጪው ራሱ ሊጠፋ ይችላል። ታወር ሬከርድስ በ2006 በአሜሪካ ያሉትን መደብሮቹን ዘግቷል፤ የእንግሊዙ ሮቨር በ2005፣ የስዊድኑ ሳዓብ በ2011 ከስረዋል። ስማቸው ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ ድርድሩም ከአዲሱ ባለቤት ጋር እንደ ገና ይጀመራል። አራተኛ፣ ለጠበቃና ለፈቃድ የሚወጣው ገንዘብ አሮጌ ጨዋታ ከሚያስገባው ሊበልጥ ይችላል። ነጋዴ ኪሳራውን እያየ አይገባበትም።

ፍርድ ቤቶችም አንድ ወጥ መልስ አልሰጡም። በ2020 አንድ የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ሃምቪ የተባለው ወታደራዊ መኪና ያለ ፈቃድ በጦርነት ጨዋታ ውስጥ በመታየቱ የቀረበውን ክስ ውድቅ አድርጎ፣ እውነታን መምሰል ራሱ የኪነ ጥበብ ዓላማ መሆኑን ተቀበለ። በ2023 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በአንድ የውሻ መጫወቻ ምክንያት በተነሣ ሌላ ክርክር፣ ይህን መከራከሪያ አጠበበው። በዚህም ምክንያት ጥንቁቅ ኩባንያ ከመከራከር ይልቅ መክፈልን፣ ካልሆነም መተውን ይመርጣል።

7. ለታሪክ ትምህርት የሚሰጠው ቁም ነገር

እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ ይታያል። መኪኖቹን ከራሱ የፈጠረ ጨዋታ ማንንም ማስፈቀድ አያሻውም። የናምኮ ሪጅ ሬሰር በ1993 በልብ ወለድ መኪኖች ስለ ተሠራ በ2025 ለአዳዲስ መሣሪያዎች እንደገና ወጥቷል። ሶኒ በ2018፣ 20 የቀድሞ ጨዋታዎችን በአንዲት ትንሽ መሣሪያ ሰብስቦ ሲሸጥ ከሪጅ ሬሰር ጨዋታዎች አንዱን አስገብቷል፤ በሽያጭ አንደኛ የነበረው ግራን ቱሪዝሞ ግን አልገባም። እንግዲህ ዘመኑን ይበልጥ በታማኝነት የመዘገበው ሥራ ለመጥፋት የቀረበ፣ ከዘመኑ የራቀው ደግሞ ለመትረፍ የቀለለ ሆኗል ማለት ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። በእነዚህ ጨዋታዎች ላይ የሰው ወርቅ ለጊዜው አድምቋል፤ ባለቤቱ በወሰደው ጊዜ ግን የዘመኑ መልክ አብሮት ሄደ።

ጉዳቱ በእሽቅድምድም ጨዋታ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በዚያ አገር ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው በገበያ አይገኙም። ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያሉትን ጨዋታዎች ለተመራማሪዎች ከርቀት እንዲያሳዩ የቀረበውን ጥያቄ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በጥቅምት 2024 አልተቀበለውም። ባለመብቱ የራሱን ስም መጠበቁ ተገቢ ነው፤ ድካሙና ገንዘቡ አለበትና። ነገር ግን ለሽያጭ የሚሰጥ ፈቃድና ለጥናት የሚሰጥ ፈቃድ ተለይተው ቢታዩ፣ ነጋዴው ሳይጎዳ ማስረጃው ሊተርፍ ይችል ነበር።

የእኛ ተማሪዎች የብራና መጻሕፍት ታሪክ ሲማሩ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በቦታው የአዲሱ ባለቤት ስም የተጻፈበት ብራና እንዳለ ይሰማሉ። ፍቀቱን ያስተዋለ ተመራማሪ ከሁለቱም ስሞች ይማራል፤ ያላስተዋለው ግን ኋላ የመጣውን እንደ መጀመሪያው ይቀበላል። በጨዋታም፣ በፊልምም፣ በመጽሐፍም ቢሆን ዳግመኛ የታተመ ሥራ በእጃችን ሲገባ «መጀመሪያ ሲወጣ እንዲህ ነበርን? ምን ተቀነሰ? ማን አስቀነሰ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የንግድ ምልክት መብትና የቅጂ መብት ልዩነታቸው ምንድን ነው? ከጽሑፉ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምሳሌ ስጡ።
2. መኪናው የተለወጠበት አውት ራን ለ1986 ዓመት ታሪክ ማስረጃ ሊሆን ይችላልን? ምክንያታችሁን አስረዱ።
3. ሁለት ጊዜ የታተመ አንድ የመማሪያ ወይም የታሪክ መጽሐፍ ፈልጋችሁ የተጨመረውንና የተቀነሰውን መዝግቡ።
4. እናንተ ሕግ አውጪ ብትሆኑ የባለመብቱን ጥቅምና የተመራማሪውን ፍላጎት እንዴት ታስማማላችሁ?