ጡረታና የጓዳ ሥራ፤ ስለ ዕረፍት ታሪክ አጭር ጥናት

«ጡረታ» የሚለው ቃል ዛሬ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው በዕድሜ ምክንያት ከሥራ መሰናበትንና በየወሩ የሚከፈለውን አበል በማመልከት ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ የተወለደው በመሥሪያ ቤት አይደለም። ሥሩ በግዕዝ «ጾረ»፥ ማለት ተሸከመ የሚለው ሲሆን፥ በአማርኛ «ጦረ» ተብሎ ልጅ እናት አባቱን በእርጅናቸው ዘመን መመገቡን፥ ማልበሱንና መደገፉን ሲያስረዳ ኖሯል። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት የሚሰጠውም በዚሁ አሳብ ነው። እንግዲህ ጡረታ በጥንት ትርጓሜው ሥራን መተው ብቻ ሳይሆን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ማረፍ ነው። ይህን ትርጓሜ የተቀበለ ሰው አንድ ጥያቄ ሳያነሣ ሊያልፍ አይገባውም፤ ይኸውም፥ የሚያርፈው ማን ነው? ሸክሙንስ የሚረከበው ማን ነው? የሚለው ነው።

በደጋው አገር በአማርኛ ተናጋሪው ገበሬ ዘንድ የወንዱ ዕረፍት በመሬት ላይ የቆመ ነበር። አባት ጉልበቱ ሲደክም ርስቱን ለልጆቹ ያካፍላል፤ ለራሱም መጦሪያ የሚሆን ድርሻ ያስቀራል። ሞፈርና ቀንበሩን የተረከበው ልጅ ያንን ድርሻ እያረሰ አባቱን ይጦራል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ቀኑን የሚያሳልፈው በቤተ ክርስቲያን ደጅ፥ በሽምግልና፥ ዳዊት የሚያውቅም ከሆነ ዳዊቱን በመድገም ነበር። ከእርሻው ቢወጣም ከክብሩ አልወጣም፤ እንዲያውም ባል ከሚስት፥ ጎረቤት ከጎረቤት የሚያስታርቅበት ጊዜ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

የሴቲቱ ዕረፍት ግን በመሬት ሳይሆን በሰው ላይ የቆመ ነበር። የጓዳ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ለመረዳት ወፍጮውን ብቻ ማሰብ ይበቃል። ሴቲቱ ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ በድንጋዩ ላይ ጐንበስ ብላ፥ መጁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋች የቤተ ሰቡን እህል ትፈጫለች። ከዚያም እንስራ አዝላ ወደ ወንዝ ትወርዳለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ ምጣድ ትጥዳለች፤ ጌሾ ትወቅጣለች። ከዚህ ሁሉ የምትገላገለው ወንድ ልጇ ሚስት አግብቶ ምራት ወደ ቤት ስትገባ ነው። በዚያን ጊዜ ወገብና ጉልበት የሚፈልገውን ሥራ፥ ማለት ወፍጮውንና እንስራውን ለምራቷ ትለቅላታለች። የጎታውን እህል መስፈር፥ የጠላውን ጥንስስ መቈጣጠር ግን ብዙውን ጊዜ በእጅዋ ይቈያል። ስለዚህ የአማት ዕረፍትና የምራት ድካም የአንድ ነገር ሁለት ገጾች ነበሩ።

ያረፈችው እናትም እጅዋን አጣጥፋ አትቀመጥም። ጥጡን አባዝታ፥ እንዝርቷን ይዛ ትፈትላለች። ፈትል በደሃም በእመቤትም ቤት የተከበረ የሴት ሥራ ሲሆን፥ ፈትሉ ለሸማኔ ይሰጥና ነጠላና ጋቢ ሆኖ ይመለሳል። እንዝርት የያዘች አሮጊት እየሠራች ታወጋለች፤ የልጅ ልጆችዋን ትጠብቃለች፤ ተረት ትነግራቸዋለች። በዚህ ዓይነት ሥራና ጨዋታ በአንድ መቀመጫ ላይ ተዋሕደው ይገኛሉ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚጀመር አይደለም።

ባሏ የሞተባት ወይም ከዓለም ልትለይ የወደደች ሴት ደግሞ ሌላ መንገድ ነበራት። ቆብ ጭና ትመነኵስና በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወይም በገዛ ቤቷ በጸሎት ትቀመጣለች። ይህም ከትዳርና ከቤት ጣጣ በክብር የምትወጣበት በር ነበር። ነገሥታትም ሳይቀሩ ይህን መሰሉን ኑሮ ፈልገዋል። ዐፄ ካሌብ መንግሥቱን ትቶ ወደ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም እንደ ገባ በትውፊት ይነገራል። እቴጌ ምንትዋብ በጐንደር አጠገብ ባሠራችው በቍስቋም ተቀምጣ በ1765 ዓ. ም. ዐረፈች። እቴጌ ጣይቱም በ1902 ዓ. ም. ከሥልጣን ከተገለለችና ዐፄ ምኒልክ በ1906 ዓ. ም. ካረፈ በኋላ የመጨረሻ ዘመኗን በእንጦጦ አሳልፋ በ1910 ዓ. ም. ሞተች። ነገር ግን በእነዚህ እመቤቶች ደጅ ወፍጮው አልቆመም፤ የሚፈጨው በሌላ እጅ ነበር።

በዚህ ስፍራ እውነቱን መሸሸግ አይገባም። በትልልቅ ሰዎች ቤት የወፍጮውንና የውኃውን ሸክም ባሮች ይሸከሙት ነበር። የባርነት ሕጋዊነት በዐዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ. ም. ነው። ከዚያም ወዲህ በከተማ ያንኑ ሥራ ከገጠር የመጣች ገረድ ወረሰችው። የእመቤቲቱ ዕረፍት ሲመሰገን፥ የዕረፍቱን ዋጋ በጕልበቷ የከፈለችው ሴት ልትረሳ አይገባም።

ቤተ ክርስቲያንም በበኩሏ ለሕዝቡ የዕረፍት ሥርዓት ሠርታለታለች። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ በ1442 ዓ. ም. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ቅዳሜ ከእሑድ ጋር እንዲከበር ከተወሰነ ወዲህ፥ ከየወሩ በዓላት ጋር ተደምሮ ገበሬው የሚያርፍባቸው ቀኖች ብዙ ሆኑ። በእነዚህ ቀኖች በሬ አይጠመድም፤ እህል አይፈጭም። ይሁን እንጂ ውኃ ሳይቀዳ፥ ወጥ ሳይሠራ፥ ለማኅበርና ለሰንበቴ የሚሆነው ጠላ ሳይቀርብ በዓል አይከበርም። ስለዚህ የበዓል ቀን ለወንዱ ፍጹም ዕረፍት ሲሆን፥ ለሴቲቱ የወፍጮ ዕረፍት ብቻ ነበረ።

የዘመናዊው ሕግ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አደረገ፤ ባል ለሚስቱ አገልጋይ ለመቅጠር ያልቻለ እንደ ሆነም የቤቱን ሥራ ሚስት እንድትሠራ ግዴታ አኖረባት። በማግሥቱ፥ በ1953 ዓ. ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ ወጣ፤ እርሱም በ1955 ዓ. ም. በዐዋጅ ቍጥር 209 ጸና። እነዚህን ሁለት ሕጎች ጐን ለጐን ያስቀመጠ አንባቢ ልዩነቱን ወዲያው ያያል። አንደኛው የሥራን ማብቂያ ዘመን ወስኖ አበል ይቈርጣል፤ ሁለተኛው ሥራን ያዛል፥ ማብቂያውን ግን አይናገርም። ጸሓፊው ከጠረጴዛው ተነሥቶ ቤቱ ሲገባ፥ ሚስቱ ከምድጃው የምትነሣበት ቀን አልተጻፈም።

ከዚህም የተነሣ በከተማ አንድ አዲስ ነገር ታየ። ጡረተኛው በቤቱ መዋል ሲጀምር የቤቱ ሥራ አልቀነሰም፥ ጨመረ እንጂ። ቀድሞ ውጭ ይበላ የነበረው ምሳ በቤት ይቀርባል፤ ወዳጆቹ ለጨዋታ ይመጣሉ፤ ቡና በየጊዜው ይፈላል። ባል ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ወደ ዕድርና ወደ ሽምግልና ሲሄድ፥ ሚስት ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ በጓዳ ትውላለች። ምራት የምትረዳበት የቀድሞው ሥርዓትም ላልቷል፤ ልጆች በየፊናቸው ቤት ይዘዋል፤ ምራትም ራሷ ደመወዝተኛ ሆናለች። በገጠር ደግሞ በ1967 ዓ. ም. የመሬት ዐዋጅ ከወጣ በኋላ፥ አባት ርስቱን ይዞ ጧሪውን የሚመርጥበት የቀድሞ ሥልጣን ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ተሻሽሏል። በ1992 ዓ. ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ባልና ሚስት በቤተ ሰብ አስተዳደር እኩል መብት እንዲኖራቸው አድርጓል። በ2003 ዓ. ም. ጡረታ ለግል ድርጅት ሠራተኞችም ተዳርሷል። የሞተር ወፍጮና የቧንቧ ውኃ ከሕግ የማያንስ ዕረፍት ለሴቶች አምጥተዋል። ነገር ግን ዕድሜዋን በጓዳ የፈጀች እመቤት ዛሬም በራሷ ድካም ጡረታ አይታሰብላትም፤ አበል የሚደርሳት በሟች ባሏ ተተኪነት ነው።

«ልማዱ ነው፤ ወንድ ጓዳ አይገባም» የሚል ሰው አይታጣም። ልማዱ ግን ራሱ ሌላ ምስክር አለው። ሴት በማትገባበት እንደ ደብረ ዳሞ ባለ ገዳም፥ የሚያበስሉትና ውኃ የሚቀዱት ወንዶች ናቸው፤ ይህም አገልግሎት እንደ ትሕትናና እንደ ጽድቅ ይቈጠራል እንጂ አያሳፍርም። የቆሎ ተማሪም ምግቡን ራሱ ያዘጋጃል። እንግዲህ ወንድን ከጓዳ ያስወጣው ተፈጥሮ ሳይሆን ትዳር የተሠራበት ሥርዓት መሆኑ ግልጽ ነው። በገዳም ክብር የሆነው ሥራ በቤት ነውር የሚሆንበት ምክንያት ሊገኝ አይችልም።

ታሪኩ የሚያስተምረው ይህን ነው፤ ዕረፍት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። ሽማግሌው በልጁ፥ አማት በምራቷ፥ እመቤት በባሪያዋ ቀጥሎም በገረዷ ትከሻ ላይ ዐርፈዋል። አበል ለጡረተኛው እንጀራ ይገዛለታል፤ እንጀራውን የሚጋግረው እጅ ግን አሁንም የሰው እጅ ነው። ይህን እጅ ለማሳረፍ ከገጠር ልጅ ማስመጣት፥ የእርሷን እናት ያለ ረዳት ማስቀረት ይሆናል። ስለዚህ የእርጅና ዘመን ሥራና ጨዋታ የሚመዛዘነው፥ ከመሥሪያ ቤቱ የተሰናበተው ሰው በገዛ ቤቱ ያለውን ሥራ ከሚስቱ ጋር ሲካፈል ነው። ያን ጊዜ «ጦረ» የሚለው ቃል ወደ ጥንቱ ትርጓሜው ይመለሳል፤ ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላውን ይሸከማሉና።