ስቲቭ ፈርበር፦ የኃይል ቆጣቢ ፕሮሰሰር ተመራማሪ

ፕሮፌሰር ስቲቭ ፈርበር እ.ኤ.አ. በ1953 በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ የተወለዱ የኮምፒውተር መሐንዲስ ናቸው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ሒሳብ ሲሆን የዶክትሬት ዲግሪያቸውም በኤሮዳይናሚክስ ነው። ኮምፒውተር መሥራትን የለመዱት በትርፍ ጊዜያቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1981 አኮርን ኮምፒውተርስ የተባለውን ድርጅት ተቀላቅለው በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች በስፋት ያገለገለውን ቢቢሲ ማይክሮን ከሠሩት ባለሙያዎች አንዱ ሆኑ። ቀጥሎም ከሶፊ ዊልሰን ጋር አዲስ ፕሮሰሰር መንደፍ ጀመሩ። ዊልሰን የፕሮሰሰሩን የትእዛዝ ስብስብ፣ ፈርበር ደግሞ ውስጣዊ አሠራሩን አዘጋጁ። የሰው ኃይላቸውም ሆነ ገንዘባቸው ጥቂት ስለነበር ንድፉ ቀላል መሆን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1985 ኢንቴል ያወጣው 386 ፕሮሰሰር 275,000 ትራንዚስተሮች ሲኖሩት የእነርሱ አርም ግን 25,000 ገደማ ብቻ ነበሩት።

ኃይል የመቆጠቡ ምክንያትም ዋጋ ነበር። ቺፑ ከ1 ዋት በላይ ከፈጀ ሙቀቱን የሚችል ውድ የሴራሚክ ማቀፊያ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ርካሹ የፕላስቲክ ማቀፊያ ይበቃዋል። ፍጆታውን በትክክል አስቀድሞ የሚያሰላ መሣሪያ ስላልነበራቸው በየደረጃው ጥንቃቄ አበዙ፤ ውጤቱም የ1 ዋት አንድ አሥረኛ ገደማ ሆነ። ቺፑ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1985 ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራ። ፍጆታው ሲለካ ግን መለኪያው ዜሮ አሳየ። ሲጣራ የኃይል መስመሩ አልተገናኘም፤ ቺፑ ይሠራ የነበረው ከሌሎች መስመሮች በሚሾልክ ኤሌክትሪክ ነበር።

በወቅቱ ኮምፒውተር ከግድግዳ ሶኬት ስለማይለይ ይህ ብዙም አላስደነቀም። ዋጋው የታወቀው ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲመጣ ነው። በእጅዎ ያለው ስማርት ስልክ ፕሮሰሰር የዚሁ ንድፍ ተወላጅ ነው ማለት ይቻላል። ስለሆነም ስልክዎ ቀኑን ሙሉ ቢውል ምስጋናው የባትሪው ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1990 ፈርበር ወደ ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። በተለመደው ፕሮሰሰር ውስጥ አንድ ሰዓት ሁሉንም ክፍሎች በአንድ ምት ይመራል። አሙሌት በተሰኘው ምርምራቸው ግን ክፍሎቹ ያለ ሰዓት እርስ በርስ እየተጠባበቁ ይሠራሉ፤ ሥራ የሌለውም ያርፋል። ሐሳቡ በተግባር ቢረጋገጥም ገበያው በሰዓት የሚመራውን መረጠ።

የኋለኛው ዘመን ሥራቸው ስፒናከር፣ የአንጎልን አሠራር ለማስመሰል የተሠራ ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ሚሊዮን የፕሮሰሰር ኮሮችን አሟላ። የሰው አንጎል በ20 ዋት ገደማ ይሠራል፤ ስፒናከር ግን የአንጎልን ጥቂት ክፍል ብቻ ለማስመሰል እንኳ በብዙ ሺህ ዋት ይጠቀማል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ከሶፊ ዊልሰን፣ ከጆን ሄነሲና ከዴቪድ ፓተርሰን ጋር የቻርልስ ስታርክ ድሬፐር ሽልማትን ተቀብለዋል።