የመስመር ክትትል፦ አላርሙ ዝም ሲል ማን ያውቃል?

በመዳብ ሽቦ የሚሠራው መደበኛ ስልክ በአሜሪካም በብሪታንያም ዘመኑ እያለቀ ነው። የአሜሪካው የስልክ ድርጅት ኤቲ ኤንድ ቲ ከካሊፎርኒያ በቀር በአብዛኛው የአገልግሎት ክልሉ የመዳብ መስመሩን እስከ 2029 መጨረሻ እንደሚያቆም በዲሴምበር 2024 አስታውቋል። ብሪታንያ በ2025 መጨረሻ ልትዘጋው የነበረውን ነባሩን የስልክ መረብ እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2027 አራዝማለች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ መስመር ላይ የተንጠለጠለ አላርም ያለው የቤት፣ የሱቅ ወይም የምግብ ቤት ባለቤት ሁሉ «በምን ልተካው? በሲም ካርድ ወይስ በኢንተርኔት?» እያለ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ሁለተኛ ነው። መቅደም ያለበት «መስመሩ ቢሞት ማን፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ ያውቃል?» የሚለው ነው። የአላርም ባለሙያዎች የዚህን መልስ «ሱፐርቪዥን» ይሉታል፤ በአማርኛ «የመስመር ክትትል» ብንለው ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል። ትርጉሙም፦ ምንም ነገር ባልተፈጠረበት ሰዓት ጭምር የአላርሙ ሣጥንና የጥበቃ ማዕከሉ በተወሰነ የጊዜ ልዩነት አጭር መልእክት እየተለዋወጡ መስመሩ ደኅና መሆኑን ማረጋገጣቸው፣ የሚጠበቀው መልእክት ሲቀር ደግሞ መቅረቱ ራሱ እንደ ችግር መቆጠሩ ነው። ሌሊቱን እያሳለ፣ በሩን እየዞረ መኖሩን የሚያሰማ ዘበኛና ሌባ ሲመጣ ብቻ ሊጮህ ተስማምቶ ጥጉን የያዘ ዘበኛ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ዝም ሲል ሰላም ይሁን፣ እንቅልፍ ይሁን፣ ታፍኖ ይሁን አይታወቅም።

በመደበኛ ስልክ የሚሠራው አላርም ሁለተኛውን ዘበኛ ይመስላል። በር ሲሰበር ሣጥኑ በቅድሚያ የቤቱን ስልክ ይነጥቃል፤ ሰው እያወራበት ቢሆን እንኳ ጥሪውን ቆርጦ መስመሩን ለራሱ ይይዝና ወደ ጥበቃ ማዕከሉ ይደውላል። የማዕከሉ መቀበያ መሣሪያ ስልኩን አንስቶ ሁለት አጫጭር ድምፆች ያሰማል፤ አንዱ 1400፣ ሌላው 2300 ኸርዝ። ሣጥኑ ይህን ሲሰማ የስልክ ቁልፍ ስንነካ በምንሰማው ዓይነት ድምፅ 16 አሃዞች ይልካል። ኮንታክት አይዲ በሚባለውና በሰፊው በተለመደው ስልት የመጀመሪያዎቹ 4 አሃዞች የደንበኛው መለያ ናቸው። ቀጥሎ የአደጋው ዓይነት ይመጣል፤ 130 ስርቆት፣ 110 እሳት ማለት ነው። ከዚያ የትኛው በር ወይም መስኮት እንደሆነ ይነገራል፤ የመጨረሻዋ አሃዝ የሌሎቹ ማረጋገጫ ናት። መቀበያው ረዘም ባለ ድምፅ «ደርሶኛል» ይልና ስልኩ ይዘጋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በጥቂት ሰከንዶች ነው። የሚደነቅ ብልሃት ነው፤ ጉድለቱ ሣጥኑ የሚናገረው ነገር ሲኖረው ብቻ መሆኑ ነው። ሌባው አስቀድሞ ከግድግዳው ውጭ ያለውን ሽቦ ቢቆርጠው ሣጥኑ መቆረጡን አውቆ እዚያው ቤት ውስጥ ሊጮህ ይችል ይሆናል፤ ማዕከሉ ግን አንዳች አይሰማም። በብዙ ቤቶች የሙከራ ጥሪ የሚደረገው ቢበዛ በቀን አንዴ ስለሆነ፣ «ምነው ጠፋ?» የሚል ሰው የሚገኘው ቢፈጥን በማግስቱ ነው።

የሚገርመው፣ ክትትል አዲስ ግኝት አለመሆኑ ነው። ከመደወያ አላርም በፊት የነበሩት የጥበቃ ድርጅቶች ከደንበኛው ሕንፃ እስከ ማዕከላቸው የራሱ የሆነ ሽቦ ይዘረጉ ነበር። በሽቦው ውስጥ ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ ስለሚፈስ፣ ፍሰቱ ሲቋረጥ ማዕከሉ ወዲያው ያውቅ ነበር። ሽቦ መቁረጥ ራሱ ደወል መደወል ነበር። መደወያው አላርም በማንኛውም ቤት ስልክ ላይ ስለሚሠራ ረከሰ፣ ተስፋፋም፤ ለዚያ የተከፈለው ዋጋ ግን ይኸው ክትትል ነው። ስለዚህ የመዳቡ ስንብት ለአላርም ጉዳት ብቻ ተደርጎ መታየቱ ልክ አይመስለኝም። ለርካሽነት ሲባል የተተወውን ነገር መልሶ ለማግኘት ጥሩ አጋጣሚ ነው።

«መዳቡ እኮ መብራት ሲጠፋም ይሠራል» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የስልክ ማዕከሉ በራሱ ባትሪዎች 48 ቮልት ገደማ በሽቦው ስለሚልክ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ሲውጠው የቤት ስልክ ይሠራ ነበር። በፋይበር ወይም በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ ግን ቤት ውስጥ ያለው መሣሪያ ኃይል ካጣ ይሞታል። በብሪታንያ የመዝጊያው ቀን የተገፋው አንገት ላይ በሚንጠለጠል ቁልፍ እርዳታ የሚጠሩ አረጋውያንና ሕሙማን በለውጡ መሀል ያለ መስመር እንዳይቀሩ ተሠግቶ ነው። ይህ ሥጋት የሚያስረዳው ግን ባትሪ የግድ መሆኑን እንጂ መዳቡ መቆየት እንዳለበት አይደለም። በሲም ካርድ የሚሠራ መላኪያ ኃይሉን ከአላርሙ ሣጥን ባትሪ ካገኘ ቤቱ ቢጨልምም ይናገራል። በኢንተርኔት ብቻ የሚሄድ ከሆነ ግን ከአላርሙ ሌላ ራውተሩም የፋይበር መቀበያውም የየራሳቸው ባትሪ ያስፈልጋቸዋል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው።

እጅግ አታላዩ መፍትሔ ከሁሉ የሚረክሰው ነው፦ ነባሩን አላርም ሳይነኩ የስልክ ገመዱን ነቅሎ በኢንተርኔት ስልክ ማገናኛ ላይ መሰካት። አንደኛ፣ ለሰው ንግግር ተብሎ ድምፅን ጨምቆ የሚልከው አሠራር እነዚያን 16 አሃዞች ሊያዛባቸው ይችላል፤ ሣጥኑ «ደርሶኛል» የሚለውን ድምፅ ሳያገኝ ደጋግሞ ይደውላል። ሁለተኛውና የባሰው፣ አንዳንድ ማገናኛዎች ኢንተርኔቱ ተቋርጦም ወደ አላርሙ ቮልቴጅ መላካቸውን አያቆሙም። ሣጥኑ መስመሩን የሚመረምረው ቮልቴጁን ለክቶ ስለሆነ «ስልኬ ደኅና ነው» ብሎ ይቀመጣል። የቤቱ ሰው አረንጓዴ መብራት ያያል፤ ማዕከሉ ጋ የሚደርስ ነገር የለም።

ሌላው ተቃውሞ ከገንዘብ ይመጣል፦ «ዛሬ የገዛሁት ነገ ይሻራል።» ይህም መሠረት አለው። መዳብን ትተው 3ጂ መላኪያ ያስገጠሙ አሜሪካውያን ኤቲ ኤንድ ቲ በፌብሯሪ 2022፣ ቬራይዘን በዚያው ዓመት መጨረሻ 3ጂን ሲዘጉ ከድጡ ወደ ማጡ ገብተዋል። በ2008ም አናሎግ የሞባይል መረብ ሲዘጋ ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ነበር። ስለዚህ የትኛውም መረብ ዘላለማዊ ነው ብሎ መግዛት አይገባም፤ መላኪያው ከሣጥኑ ተነጥሎ የሚቀየር መሆኑን ማረጋገጥ ግን ይቻላል። በዚያው ልክ በሻጭ ማስፈራሪያም መሯሯጥ አያስፈልግም። «መንግሥት ከኦገስት 2 ቀን 2022 ጀምሮ መዳብን ከልክሏል» ሲባል ይሰማል። የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2019 የወሰነው ትልልቆቹ ድርጅቶች አናሎግ መስመርን በተተመነ ዋጋ ለተፎካካሪ የማከራየት ግዴታቸው እንዲቀር ነው፤ ያ ቀን የሽግግሩ ጊዜ ማብቂያ ነበር እንጂ መስመር የሚቆረጥበት ዕለት አልነበረም።

የክትትሉ የጊዜ ልዩነት ስንት ይሁን ለሚለው አንድ መልስ የለም። የአሜሪካው የእሳት አላርም ደንብ ኤንኤፍፒኤ 72 በ2013 እትሙ አንድ መንገድ ብቻ ያለው አላርም መቋረጡ በ60 ደቂቃ ውስጥ እንዲታወቅ፣ ሁለት መንገድ ላለው እስከ 6 ሰዓት እንዲፈቀድ አድርጓል። ለስርቆት ግን 60 ደቂቃ ሱቅ ለማራቆት ይበቃል። ክትትሉ በበዛ ቁጥር ኢንተርኔት ለአፍታ በተንገዳገደ ጊዜ ሁሉ ማስጠንቀቂያ እየመጣ ሰው ይሰለቻል፣ ውሎ አድሮም ችላ ይላል የሚለው ክርክር ከሁሉም ይከብደኛል። መልእክት ቀረ ብሎ ፖሊስ መላክም አይገባም። ለዚህ የሚሻለው ኢንተርኔትንና ሲም ካርድን አጣምሮ መያዝ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ስለሚናገር ማዕከሉ ከመገመት ይድናል፣ ሁለቱም አብረው ሲጠፉ ደግሞ ነገሩ የምር መሆኑን ያውቃል። ውል ከመፈረም በፊት ገጣሚውን የክትትሉን ልዩነት በደቂቃ እንዲጽፍ፣ መልእክት ሲቀርም ማዕከሉ ማንን በየትኛው ስልክ እንደሚጠራ እንዲያሰፍር መጠየቅ ነው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ለማዕከሉ «ሙከራ ላይ ነን» ብሎ አሳውቆ፣ የራውተሩን ገመድ ነቅሎ፣ ስልኩ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚጠራ ሰዓት ይዞ መጠበቅ ነው። በተጻፈው ደቂቃ ካልጠራ ቀሪው ክፍያ ይቆይ።