ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ሌላ ባል ቢኖራቸው ኖሮ

ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ምኒልክ (1868-1922 ዓ.ም.) በዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ በራሳቸው ስም ዘውድ የጫኑ ብቸኛዋ ሴት ናቸው። ስለ እርሳቸው ሲጻፍ በአብዛኛው የሚነሣው ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር የነበራቸው የሥልጣን ሽኩቻ ነው። ይሁን እንጂ የንግሥናቸውን ልክ አስቀድሞ የወሰነው የጋብቻቸው ጉዳይ ነበር። ባላቸው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዘውዱ ይደርሳቸው ነበር?

ነገሩን ለመረዳት ከሸዋ ነገሥታት መነሻ፣ ከመንዝ መጀመር ይጠቅማል። የሥርወ መንግሥቱ መሥራች ነጋሲ ክርስቶስ የመንዝ ሰው ነበሩ። በመንዝ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይቆጠር ነበር፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ድርሻዋን ትጠይቅ ነበር። ያገባት ሰው በሚስቱ ርስት ገብቶ ሊያርስ፣ ልጆቹም ሊወርሱ ይችሉ ነበር። ስለዚህ ዘመድ አማቹ ከየት ወገን እንደመጣ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። ሸዋ ሴት ስታስተዳድር አይቶ የማያውቅ አገርም አልነበረም። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ዘነበ ወርቅ በሰላ ድንጋይ ተቀምጠው ግዛት ያስተዳድሩ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ባላቸው ወሰን ሰገድ ከሞቱ በኋላ ነው። የሚያስፈራው የሴቷ መግዛት ሳይሆን ከጎኗ የሚቆመው ሰው ነበር።

ዘውዲቱ ገና በሕፃንነታቸው፣ በ1875 ዓ.ም.፣ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ጋብቻው የሁለቱን ነገሥታት ዕርቅ ለማጽናት የታሰበ ነበር። አርአያ ሥላሴ ግን በ1880 ዓ.ም. ሞቱ። ከሌሎች ጋብቻዎች በኋላ ዘውዲቱ በ1892 ዓ.ም. ገደማ የራስ ወሌ ብጡልን ልጅ ጉግሣን አገቡ። ጉግሣ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ነበሩ። እዚህ ላይ ነው የሸዋ መኳንንት ሥጋት የሚጀምረው።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ዘውዲቱ ነገሡ፤ ተፈሪ መኰንንም አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። ንግሥቲቱ ግን ከባላቸው እንዲለዩ ተደረገ። መኳንንቱ የእቴጌ ጣይቱ ወገን በጉግሣ በኩል ወደ ቤተ መንግሥት እንዳይመለስ ፈርተው ነበር። ራስ ጉግሣ ወደ ቤጌምድር ተላኩ።

የጋብቻ ምርጫ ዘውድን እንደሚያዞር የሚያሳይ ቅርብ ምሳሌ በዚያው ቤተሰብ ውስጥ ነበር። የዘውዲቱ እህት ወይዘሮ ሸዋረጋ መጀመሪያ ያገቡት የራስ ጎበናን ልጅ ወዳጆን ነበር፤ በኋላ የወሎውን ራስ ሚካኤልን አገቡና ልጅ ኢያሱን ወለዱ። በዚህ ጋብቻ የምኒልክ አልጋ ወደ ወሎ ዞረ። ሸዋም መልሶ ለመውሰድ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ከንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋር መዋጋት ግድ ሆነበት።

ራስ አርአያ ሥላሴ ቢኖሩ ኖሮስ? በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ሲወድቁ ምኒልክ ዘውዱን የሚፎካከሩት ከገዛ አማቻቸው ጋር በሆነ ነበር። ዘውዲቱም የትግራይ እቴጌ እንጂ የሸዋ ዕጩ ባልሆኑ ነበር። ባላቸው የሸዋ ሰው ቢሆኑ ደግሞ መለየቱ ላያስፈልግ፣ የተፈሪም እንደራሴነት ያን ያህል ላይሰፋ ይችል ነበር። ነገር ግን የሸዋ መኳንንት ከመካከላቸው አንዱን በንግሥት ባልነት ከሁሉም በላይ ከማስቀመጥ ሌላ ሰው መፈለግን ይመርጡ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ይህ ሥጋት የኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊቷ ንግሥት ማርያም ቀዳማዊት እ.ኤ.አ. በ1554 የስፔኑን ፊልጶስ ሲያገቡ የባላቸው ሥልጣን በውል ተገድቦ ነበር። ሆኖም እንግሊዝ ከስፔን ጎን ተሰልፋ በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ገጠመች፤ በ1558 ካሌን አጣች። ቀጥለው የነገሡት እህታቸው ኤልሳቤጥ ሳያገቡ ኖሩ።

የዘውዲቱ ግን ምርጫ አልነበረም። የሸዋ መኳንንት ያለ ባል ሊያነግሡአቸው ስለቻሉ አነገሡአቸው፤ ሌላ ባል ቢኖራቸው ኖሮ ምናልባት ብርቱ ዘውዲቱን ሳይሆን ሌላ ገዢ ባየን ነበር። የመለየቱ ዋጋ የታየው በመጨረሻ ነው። ተፈሪ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ከተባሉ በኋላ ራስ ጉግሣ ሸፈቱ፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ተገደሉ። ንግሥቲቱ ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ። ተፈሪ መኰንንም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ።