ባንዲራ ሲለወጥ የባቡሩ ነገር

ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. የፈረንሳይ ባንዲራ ከጅቡቲ ከተማ ሲወርድ የአዲስ አበባው ባቡር ቆሞ ነበር። ያቆመው ግን ነፃነቱ አይደለም፤ በኦጋዴን ጦርነት ዋዜማ ታጣቂዎች ድልድዮቹን አፍርሰውበት ነው። ጦርነቱ ሲያልፍ ተጠግኖ ሥራውን ቀጠለ።

ለምን ቀጠለ? ወረቀቱ ቀድሞ ስለተጻፈ ነው። በ1952 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ፈረንሳይ በተዋዋሉት ስምምነት ኩባንያው የሁለቱ እኩል ድርሻ ሆኖ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ፈረንሳይ ስትወጣ ጅቡቲ በቦታዋ ገባች፤ በ1973 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ተመሠረተ። ገንዘቡም አልተናወጠም፤ ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነበር።

አሰብ ላይ የሆነው ሌላ ነው። ኤርትራ ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ም. ነፃነቷን ስታውጅ አሰብ ለኢትዮጵያ ነፃ ወደብ ሆኖ እንዲያገለግል ተስማሙ፤ ሁለቱም በብር ስለሚገበያዩ ለከባድ መኪና ሾፌር የተለወጠው ጥቂት ነበር። ገንዘቡን ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ ግን ሲንከባለል ከረመ። በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ የራሷን ገንዘብ፣ ናቅፋን፣ አወጣች፤ ኢትዮጵያም ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በኤልሲ (በባንክ መተማመኛ ሰነድ)፣ በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። በዚያው ዓመት ግንቦት በሁለቱ አገሮች መካከል ባድመ ላይ ጦርነት ተነሣ፤ የኢትዮጵያ ጭነትም በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከሠመራ አልፎ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ በቡሬ ወደ አሰብ፣ ሌላው በጋላፊ ወደ ጅቡቲ። ሾፌሩ የለመደውን ትቶ በጋላፊ ወረደ።

የጅቡቲ ከተማ ከዚያ ወዲህ የተለወጠችው በዚህ ጭነት ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ፒኬ 12 በሚባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ የኢትዮጵያ ታርጋ የለጠፉ መኪኖች ተሰልፈው ወረፋ ይጠብቃሉ፤ ሾፌርና ረዳት ሙቀቱን ሽሽት ተሳቢው ሥር ይተኛሉ። በ1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የወደብና የትራንዚት ስምምነት ተፈራረሙ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡርም በ2010 ዓ.ም. ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ድረስ መደበኛ አገልግሎት ጀመረ፤ ኩባንያው እንደ አሮጌው ሁሉ የሁለቱ አገሮች የጋራ ነው።

ኢትዮጵያና ኤርትራ ታርቀው መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ አሰብ የሚወስደው የቡሬው መንገድ በደስታ ተከፍቶ ነበር። ጉምሩኩ እንዴት ይሠራል፣ በየትኛው ገንዘብ ይከፈላል የሚለው ግን እንደገና በእንጥልጥል ቀረ። መንገዱ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ፤ አብዛኛው የኢትዮጵያ ጭነት ዛሬም የሚራገፈው ጅቡቲ ነው።