አራት ጥያቄ ምልክት

ደብረ ማርቆስ ነው። አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ሊያሳየኝ ላፕቶፑን ከፈተ። ለጤና ጣቢያ የሚሆን የታካሚ መመዝገቢያ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ፣ በሲ ሻርፕ የተጻፈ። ፎርሙ ያምራል። «ስም» በሚለው ሳጥን ውስጥ «አበባው» ብሎ ጻፈና «መዝግብ» የሚለውን ተጫነ። ዝርዝሩን መልሶ ሲከፍተው በአበባው ቦታ አራት ጥያቄ ምልክት ተደርድሯል።

«ጋሼ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ታገልሁት» አለኝ። «እንቢ አለኝ። ፎርሙን ወደ እንግሊዝኛ ልቀይረው ነው።»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የመጨረሻው አባባሉ ነው። የአንድ ጀማሪ ተማሪ ችግር ይመስላል፤ ግን አይደለም። ልጁ በሦስት ቀን የተሸነፈለት ነገር አባቶቹና ታላላቆቹ አሥርተ ዓመታት የታገሉት ነው። ታሪኩን የነገረው ስለሌለ ብቻ የራሱ ድክመት መሰለው።

እስኪ ከሥሩ እንጀምር።

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። በቀደመው ዘመን ለአንድ ፊደል የተመደበው ቦታ አንድ ባይት ነበር፤ አንድ ባይት ደግሞ ከ256 በላይ የተለያየ ነገር አይዝም። ለላቲን ይህ በቂ ነው፤ እንዲያውም ይተርፋል። የእኛ ገበታ ግን 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። እንደ ቋ፣ ጓ እና ሏ ያሉትን ዲቃሎች፣ የግዕዝ ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቡን ስንጨምርበት ከ256 ያልፋል። በዚያ ላይ ግማሹ ቦታ አስቀድሞ በእንግሊዝኛ ፊደላትና በማሽኑ ትእዛዞች ተይዟል። እንግዳው መጥቶ ቤቱ ሞልቷል ማለት ነው።

ይህ ጭንቅ ከኮምፒዩተር በፊትም ነበረ። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ የገጠማቸው ይኸው ነው፦ ቁልፉ ጥቂት፣ ፊደሉ ብዙ። መፍትሔው ፊደልን መቀጣጠል ሆነ። ጸሐፊው መጀመሪያ ዋናውን አካል ይመታል፤ ከዚያ እግሩን ወይም ቀለበቱን ይጨምርለታል። ፊደሉ አላማረም ብለው የተቹ ነበሩ። ደብዳቤው ግን ተጻፈ።

ኮምፒዩተር ሲመጣ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነገሩን ያዙት። ዶክተር አበራ ሞላና አቶ ፍስሐ አጥላው በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሣው መካከል ናቸው። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እኔም አልገባበትም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዊንዶውስ ቢሮውን ሁሉ ሲይዝ ደግሞ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዡዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች አገሩን ሞሉት። ያን ጊዜ ቢሮ የሠራ፣ የጋዜጣ ገጽ ያቀናበረ ወይም የሰርግ መጥሪያ ያሳተመ ሰው ያውቃቸዋል።

ዘዴያቸው ብልህ ነበር። ኮምፒዩተሩ የያዘው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ ፎንቱ ግን በዚያ ቁጥር ላይ የግዕዝን መልክ ይሥላል። አካሉ ላቲን፣ ልብሱ አማርኛ። ፊደላቱ በአንድ ፎንት ስለማያልቁ በሁለትና በሦስት ይከፈሉ ነበር። አገሩ በዚህ ዘዴ ሠርቷል፤ ጋዜጣ ወጥቶበታል፣ ፍርድ ተጽፎበታል።

ዕዳው የመጣው በኋላ ነው። ልብሱ ሲወልቅ አካሉ ይታያል። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ሰነድ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ይሆናል። ፕሮግራሞቹ ቁጥራቸውን የመደቡት ለየብቻቸው ስለሆነ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነብም። ፍለጋ የለም፤ በፊደል ተራ መደርደርም የለም። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ማንም የማያነባቸው የዚያ ዘመን ፋይሎች አሉ።

ዊንዶውስ ራሱስ? ለግሪክኛ፣ ለዕብራይስጥ፣ ለዐረብኛና ለታይኛ ለየራሳቸው የፊደል ሠንጠረዥ ሠርቶላቸው ነበር፤ የግሪክኛው ቁጥር 1253፣ የዕብራይስጡ 1255፣ የዐረብኛው 1256፣ የታይኛው 874 ነው። ለአማርኛ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ኖሮት አያውቅም። የልጁ አራት ጥያቄ ምልክቶች እናት ይህች ክፍተት ናት።

መፍትሔው ዩኒኮድ ሆኖ መጣ፤ የዓለምን ፊደል ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ የሚቆጥር ስምምነት ነው። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ገባ። እንደ ዳንኤል ያቆብ ያሉ ባለሙያዎች የደከሙበት ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባል፣ በደጋ አጋዘናችን ስም የተሰየመ የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። በእኛ ዘመን አቆጣጠር 1999 ዓ.ም. ነው፤ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው በዚያው ዓመት ነው። ዩኒቨርሲቲውና አማርኛን ከነፎንቱ የያዘው ዊንዶውስ እኩዮች ናቸው ማለት ነው።

ታዲያ ችግሩ ከተፈታ ይህን ያህል ዓመት ቢያልፍ፣ ጥያቄ ምልክቱ ከየት መጣ?

አሮጌዎቹ በሮች ስላልተዘጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ቪዡዋል ቤዚክ 6 የጽሑፍ ሳጥኖቹ ዩኒኮድን አይቀበሉም ነበር፤ ስንቱ ጀማሪ በዚያ ተሰናክሏል። ሲ ሻርፕ ያንን አልፎታል። ዳታቤዙ ግን ሁለት ዓይነት መጋዘን አለው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ «ቫርቻር» የተባለው አምድ በተለመደው አሠራሩ የድሮውን ሠንጠረዥ ይጠቀማል፤ አማርኛ ሲመጣበት ቦታ ስለሌለው እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። «ኤንቫርቻር» የተባለው ግን ዩኒኮድን ይይዛል። በትእዛዙ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈ ስምም ከፊቱ «ኤን» የምትል ፊደል ካልቀደመችው መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ስሙን በፓራሜትር ማስተላለፍ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ልጁ የጎደለው ይኸው ነበር። አንድ ፊደል!

እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ልዩነት አለ። ስሙ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ አይደንግጥ፤ ጽሑፉ በደኅና ተቀምጧል፣ የጠፋው ፎንቱ ነው። በላፕቶፑ የሠራ ፕሮግራም ወረዳ ቢሮ ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሳጥን የሚያሳየው ለዚህ ነው፤ ፎንት ሲጫን ይድናል። ዳታቤዙ ውስጥ ጥያቄ ምልክት ከተቀመጠ ግን አበባው የለም። ጠፍቷል። የትኛውም ፎንት አይመልሰውም። ሺህ ታካሚ ከተመዘገበ በኋላ መንቃት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ሁለተኛው መሰናክል ዘመን ነው። የዊንዶውስ የቀን መምረጫ 12 ወር እንጂ 13 አያውቅም። ዶትኔት ለዕብራውያን፣ ለፋርስ፣ ለታይላንድና ለጃፓን የቀን መቁጠሪያ አዘጋጅቷል፤ የእኛን ግን አላካተተም። ጀማሪው ታዲያ የእኛን ቀን በፈረንጁ አምድ ውስጥ እንዳለ ይከተዋል። ጳጉሜን 3 ሲመጣ ፕሮግራሙ 13ኛ ወር የለም ብሎ ይጮኻል። የካቲት 30ም እንደዚሁ፤ ለእርሱ ሁለተኛ... አይ፣ ስድስተኛው ወር ሰኔያቸው ስለሆነ ይቀበለዋል፤ ኅዳርን 3ኛ፣ ጥቅምትን 2ኛ ብሎ ሲቆጥር ግን ጥቅምት 30ን የካቲታቸው አድርጎ ይጥለዋል።

ስሕተት ብሎ የጮኸው እንኳ ደግ ነው። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚሳሳተው ነው። ከነሐሴ 25 ቀን 2014 እስከ መስከረም 5 ቀን 2015 ስንት ቀን ነው? ነሐሴ 5፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረም 5፤ 15 ቀን። ኮምፒዩተሩ ግን 25/12 እና 5/1 ሲባል ታኅሣሣቸውን 31 አድርጎ 11 ቀን ይላል። አራት ቀን በላ። የመድኃኒት ቀጠሮ ወይም የብድር ወለድ ቢሆንስ? መንገዱ ግን ከባድ አይደለም፦ ዳታቤዙ ውስጥ የፈረንጁን ቀን አስቀምጥ፤ ፎርሙ ላይ ቀን፣ 13 ወርና ዓመት ያላቸው ሦስት መምረጫዎች አድርግ፤ በመካከላቸው የሚቀይር አንድ ስሌት ጻፍ። ስሌቱም ባሕረ ሐሳብ ለወለደ አገር ቀላል ነው፤ በየ4 ዓመቱ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፣ ቀሪው ወር ሁሉ 30 ነው።

ሦስተኛው ስም ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ሰው በስንት መንገድ ይጽፈዋል? ፊተኛው ፊደል ፀ ወይም ጸ፤ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። 12 ፀሐይ ወጣ። በድምፅ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን 12 ልዩ ልዩ ሴቶች ናቸው። መዝጋቢው በአንዱ ጽፎ ተረኛው በሌላው ቢፈልጋት «የሉም፣ እማማ» ይባላሉ። አሉ፤ ፊታችን ቆመዋል።

በዚህ ጉዳይ ጎጃም የሚለው ነገር አለው፤ ሁለት የሚጋጭ ነገር። የአብነቱ ተማሪ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ ብሎ ይለያል፤ በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ ሲሆን «ሰረቀ» ሌብነት ነው፣ ቢምታታ ቅኔው ይበላሻል። በሌላ በኩል በዚሁ ምድር ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል ይሟገቱ ነበር። በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ የሚጠብቀው ፊደል እንዲታወቅ ነጥብ አኖሩበት። ዩኒኮድ ለማጥበቂያ ምልክት ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው።

ጀማሪው ፕሮግራመር በዚህ ክርክር ዳኛ መሆን የለበትም። ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው ያስቀምጥ፤ ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ አምድ ይጨምርና ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እዚያ ወደ አንድ ያምጣ። ሰው ስሙን አያጣም፤ ፈላጊም ሰውየውን አያጣም። «የቤተሰብ ስም» የሚለውን የፈረንጅ ሳጥንም ይተወው፤ የእኛ ሰው የሚጠራው በስሙና በአባቱ ነው።

የእኔ ነጥብ ይህ ነው። ከእነዚህ ችግሮች አንዱም አዲስ አይደለም፤ አንዱም መፍትሔ የሌለው አይደለም። ግን መፍትሔው በየሰው ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራል። በየዓመቱ አዲስ ተመራቂ ያንኑ የቀን ስሌት ከባዶ ይጽፋል፣ ያንኑ ጥያቄ ምልክት አይቶ ሦስት ቀን ያለቅሳል፣ ከዚያ ወይ ያልፋል ወይ ወደ እንግሊዝኛ ይሸሻል። የመመረቂያ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የጥንቶቹ የሶፍትዌር ሰዎች በየግላቸው ቁጥር መድበው የከፈልነውን ዕዳ እኛም በሌላ መልክ እየደገምነው ነው። አንድ ትምህርት ክፍል እነዚህን ሦስት ነገሮች አንዴ በደንብ ሠርቶ ለተከታዩ ተማሪ ቢያወርስ ምን ይከብዳል?

ፎርሙ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ተማሪው ማርኩን ያገኛል። ጤና ጣቢያው ግን ወደ ወረቀት መዝገቡ ይመለሳል፤ ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ የእናቶችን ስም በላቲን ስታጣምም አትውልም።

ልጁ አምዱን ቀየረ፤ «ኤን» ጨመረ፤ እንደገና «አበባው» ብሎ መዘገበ። ዝርዝሩን ከፈተው። አበባው አለ።

«በቃ? ይኸው ነው?» አለኝ።

አዎ፣ ይኸው ነው። ለሚቀጥለው ልጅ ንገረው።