ጠፍ መሬትና የንጉሡ ዶማ

ስለ ክፉ ቀን ዘመን ሲተረክ በብዙ የሚነሣው የሰው እልቂት ነው፤ የመሬቱ መጨፍገግ ግን እምብዛም አይነገርም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ። ሕዝባችን ይህን በሽታ «ደስታ» ይለዋል፤ ስሙ እንዲህ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። በሽታውን ድርቅ፥ አንበጣና ተምች ተከተሉት፤ ረኀቡም እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ዘለቀ።

በሬው ያለቀበት ገበሬ ቀዬውን ትቶ ሲሰደድ እርሻው ዳዋ ለበሰ። ሁለት ሦስት ዓመት ማረሻ ያልነካው መሬት የሣር ሥር ይጠላለፍበታል፥ ዝናም ይደበድበዋል፥ ፀሐይ ያደርቀዋል። ይልቁንም የሸዋ ዋልካ በበጋ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ደግሞ እግር ይይዛል፤ ለሥራ የሚመቸው በሁለቱ መካከል ያለው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን መሬት ገበሬ አስቀድሞ ይገምሰዋል፤ የተገለበጠው ጓል ሥሩ እስኪደርቅ ፀሐይ ሲመታው ይቈያል፤ ከዚያ አግድም ያርሰዋል፥ ይሰልሰዋል፤ ለጤፍ ሲሆን ከዚህም ይበዛል። ከሁሉ የሚከብደው ግመሳው ስለ ሆነ ብርቱ በሬዎችን ይሻል። ጥማድ የምንለው የመሬት ልክ እንኳ ሁለት በሬዎች በቀን የሚያርሱት ማለት ነውና፥ በሬው ሲታጣ ልኩም አብሮ ታጣ።

በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የነገሡት ዐፄ ምኒልክ በዚያ ጭንቅ መጥረቢያና ዶማ አሠርተው ለሕዝቡ አደሉ፤ ራሳቸውም ዶማ ጨብጠው መሬት ቈፈሩ፥ መኳንንቱም እንዲሁ እንዲያደርጉ አዘዙ። ዛሬ ወደ እንጦጦ የምትወጣ ተሳላሚ ሆይ፥ ይህን አስበው። ንጉሥ የቈፈረው መሬት ስንት ሰው ያጠግባል የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው፥ እህሉ ጥቂት ነው። በገዳም ዶማ የያዘ መነኩሴም አንድ ሰው በቀን የሚቈፍረው ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ያውቀዋል። ነገር ግን በበሬ በሚታረስ አገር በእጅ መቈፈር የድኻ ምልክት ነበረ። ባለ ርስቱ በጎረቤቱ ፊት ዶማ ይዞ ከመታየት መሰደድን ይመርጥ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የሰበሩት፥ በእኔ አስተያየት፥ ከጓሉ ይልቅ ይህን እፍረት ነው።

ዶማው ግን በሬን አይተካም፤ በሬ ከየትም መምጣት ነበረበት። በ1887 ዓ.ም. በወላይታ በተደረገው ዘመቻ አብሮ የነበረው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም ለንጉሠ ነገሥቱ ድርሻ ብቻ 18,000 ከብት እንደ ደረሰ ጽፏል። ዶማውን የሚያወሱ ብዙዎች ይህን ያልፉታል፤ ማለፍ ግን አይገባም፤ እነዚያ ከብቶች የተነዱት ከሌላ ገበሬ በረት ነበርና።